አያ ኑሩና የደባርቁ ራውተር

የአያ ኑሩን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ ጠዋት አርፎ ከዙህር ሶላት በኋላ አፈር ለብሷል። እኔ ያን ቀን ለሥራ ባሕር ዳር ወርጄ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስብሰባ ላይ ተጎልቻለሁ። ስወጣ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባችን ደጋግሞ ደውሎልኛል። መልሼ ብደውል «ኑሩ አረፈ፤ ቀብረነው መመለሳችን ነው» አለኝ። «የትኛው ኑሩ?» አልኩት። ምን ስንት ኑሩ አውቃለሁ! ሰው ሲደነግጥ የማይጠየቅ ነገር ይጠይቃል።

ኑሩ ይማም አብረን እንሠራበት በነበረው ኮሌጅ የኔትወርክ ሠራተኛ ነበር። ኮሌጁ ዋናው ግቢው ጎንደር፣ ቅርንጫፉ ደባርቅ ነው። ሁለቱን ግቢዎች የሚያገናኘው መስመር በሁለቱም ጫፍ ራውተር የሚባል ዕቃ አለው፤ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደሚሄድበት ይመራል። የደባርቁ ራውተር ሲያስቸግር የግድ ደባርቅ መሄድ የለብህም። ጎንደር ቁጭ ብለህ በመስመሩ በኩል ከሩቅ ትገባበታለህ፣ የተበላሸውን ታስተካክላለህ፣ ትወጣለህ። ይሄ የኑሩና የእኔ ሥራ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ስንት ዓመት ተቀመጥን።

«አያ» ማለት የጀመርኩት ለማሾፍ ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ አነጋገሩና አካሄዱ ግን የትልቅ ሰው ነው። እንደ ገጠር ሰው «አያ ኑሩ፣ ምነው ዛሬ አረፈዱ?» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሳይስቅ «ጉልበቴ እምቢ አለኝ እታለም» ይለኛል። እያለ እያለ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አያ ኑሩ አለው፣ የኮሌጁ ዲን ሳይቀሩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ የሚያሻሽ ሰው ነበር። ሲቆጡት «ሸጋ» ይላል። ሲያመሰግኑት «ሸጋ» ይላል። ዲኑ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጮኸውበት ሲጨርሱ «ሸጋ» ብሏቸው ወጣ፤ ሰውየው ደማቸው ፈላ። እኔ እንኳ ይሄን ቃል ሲያወጣ የቱ ሸጋ የምር፣ የቱ ሸጋ የተዋጠ እንባ እንደሆነ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የእኛ ጾም ሲገባ ደግሞ ከእኛ ይልቅ የሚደሰተው እሱ ነው። መቼም ጎንደር የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው፤ በፍስክ ቀን እሱ ምሳውን ጥጉ ላይ ብቻውን ይበላል፣ እኛም የኛን። ጾም ሲሆን ግን ሽሮና ምስር ነው፣ ከአንድ ትሪ እንጎርሳለን። «ሁዳዴ ገባላችሁ አይደል? አልሐምዱሊላህ፣ ከሰው ጋር ልበላ ነው!» ይላል። ፋሲካ ሲደርስ ያኮርፋል። «እንግዲህ ሥጋችሁን ይዛችሁ ልትሸሹኝ ነው» ይለናል፤ እኛ እንስቃለን። አሁን ሳስበው ብቻውን መብላት ለሱ ቀልድ አልነበረም።

ያደገው ሰው በማይጠፋበት ቤት ነዋ። አባቱ ሐጅ ይማም ጎንደር አራዳ ውስጥ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በሳቸው ሱቅ አንድ ሕግ አለ። ገዛም አልገዛም፣ የገባ ሰው ራሱ እስኪነሳ ድረስ አይነሳም። በርጩማ ይሳብለታል፣ ሻይ ይታዘዝለታል። ከጭልጋ የመጣ ገበሬ አንዲት ክንድ አቡጀዲ ሳይለካ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብሎ ይውላል። ሐጅ ለምሳ ሊዘጉ ሲሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ከሆነ ምሳቸው ቀረ። ተነስ ማለት ነውር ነው። ኑሩ ይሄን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል።

ዝም የሚለው ተጣልተው ስለነበር ነው። ኑሩ የበኩር ልጅ ነው፣ ሱቁን ይረከባል ተብሎ የተጠበቀው እሱ ነው። እሱ ግን ኮምፒውተር ተምሮ ኮሌጅ ተቀጠረ። ሐጅ «የኔ ልጅ የሰው ቅጥረኛ ሊሆን? ከሄድክ ዓይንህን አላይም» አሉ፣ አላዩትምም። ሐሊማን ሲያገባ ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ ምራታቸውን አንድ ቀን አላነጋገሯትም። ከተማው እንደሆነ ጠባብ ነው። አባትና ልጅ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ሐጅ ወደ ማዶው ጠርዝ ይሻገራሉ። ኑሩ ቆሞ እስኪያልፉ ይጠብቃል። እኔ አብሬው ሆኜ ይሄን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንጀቴን በልቶታል።

ወደ ራውተሩ ልመለስ። ከሩቅ የገባበት ሰው ዝም ካለ፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል አንድም ፊደል ሳይጽፍ ከቆየ፣ ራውተሩ ይሄ ሰው ሄዷል ብሎ ያስወጣዋል። ደቂቃውን ማሳጠርም ማርዘምም ይቻላል። ዜሮ ብለህ ከጻፍክበት ግን ጨርሶ አያስወጣም፤ የገባው ሰው ራሱ ወጣሁ እስኪል ይጠብቃል። አንድ ቀን ኑሩ የደባርቁ ላይ ገብቶ ሲሠራ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሰላም ሊለን መጣ። ኑሩ ደግሞ ሰላምታ አያሳጥርም፤ ተነስቶ፣ ጨብጦ፣ ከብቱም ልጁም ዝናቡም እስኪጠየቅ ድረስ ጊዜው ሄደ። ሲመለስ ራውተሩ አስወጥቶታል። መስመሩ ደግሞ እንደገና ለመግባት ምጥ ነው።

«ምን ዓይነቱ ባለጌ ዕቃ ነው በአላህ! ሰው ተቀምጦ እያለ ይባረራል?» አለ። እንደምንም ተመልሶ ገባና ዜሮ ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ዞር ብሎ «አሁን የአብዬን ሱቅ ሆነ» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ እኔንም ስንት ጊዜ ነው ያባረረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ራውተር ከሩቅ ለሚገባ ሰው አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ አምስት ወንበር በሉት። ሥራህን ጨርሰህ በወጉ ስትወጣ ወንበሩን ትለቃለህ። ጎንደር መብራት ሲጠፋ ግን የእኛ ኮምፒውተር ድርግም ይላል፣ ሳንሰናበት እንቀራለን። የደባርቁ በባትሪ ስለሚሠራ መሄዳችንን አያውቅም፤ አለን ብሎ ይጠብቀናል። ዜሮ ተብሏላ! በዚያ ክረምት ደግሞ መብራቱ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። አንዱ ወንበር በሌለ ሰው ተያዘ፣ ቆይቶ ሌላው። እኛ እንደሆን የምንገባበት እስካገኘን ድረስ ምን ገዶን።

ሚሌኒየሙ ሊከበር ሲቃረብ ኑሩ አንድ ጠዋት ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። «ምነው አያ፣ ሁለተኛ ሊያገቡ ነው?» ስለው ጆሮውን እያሻሸ «አብዬ እሺ አለ» አለኝ። የሰፈሩ ሽማግሎች ለካ ክረምቱን ሙሉ ሐጅን ሲለምኑ ከርመዋል፤ አንድ ቄስም አሉባቸው፣ የሐጅ የድሮ ደንበኛ። ሐጅ በመጨረሻ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ይምጣና እግሬን ይሳም ብለዋል። ኑሩ ያን ሳምንት ሰው አልመሰለኝም፤ ወንበሩ ላይ አይረጋም፣ ያንጎራጉራል። ለአባቱ ምን ይዞ እንደሚሄድ ስንት ጊዜ አማከረኝ። «ራስህን ይዘህ ሂድ» አልኩት።

ሐሙስ ዕለት ደባርቆች ደወሉ። የተማሪ ምዝገባ ተጀምሮ መስመሩ ወደ ምዝገባው አላደርስ ብሏል። ቀላል ነገር ነው፣ ራውተሩ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው። ኑሩ ሊገባ ሞከረ፤ እምቢ። እኔ ሞከርኩ፤ እምቢ። ሦስተኛ ስንሞክር ኑሩ «ሞልቷል» አለ። «ማን ገብቶበት?» አልኩት። «እኛው ነና። ክረምቱን ሙሉ የተቀመጥነው እኛ ነን» አለኝ።

አጥፍቶ ማብራት ሁሉንም ያስወጣቸው ነበር። ግን ራውተሩ ያለው በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሞባይሉን ቻርጅ ሊያደርግ ብሎ ሶኬቱን ስለነቀለው ኑሩ ተናዶ ሳጥን አሠርቶ ቆልፎበታል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ዲኑ መጥተው «ተማሪው ዝናብ ላይ ተሰልፏል፣ ዛሬውኑ!» እያሉ በራችን ላይ ቆሙ።

«ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ልሂድ» አልኩት። ለመንኩት፣ በእመቤቴ። «እኔ ያጠፋሁትን አንቺ ልትንከራተቺበት? አይሆንም። ዛሬ ሄጄ ነገ በጠዋት እመለሳለሁ፤ ለጁምዓ እደርሳለሁ» አለኝ። እውነትም መንገዱ ቢቀና ይደርሳል። ምነው ቁልፉን ከኪሱ መንጭቄ በወሰድኩ እላለሁ እስከ ዛሬ።

የሆነውን በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ማታ ደባርቅ ሲደርስ የክፍሉን በር የሚከፍተው የቅርንጫፉ ሰው ለቅሶ ገጠር ወርዷል። ሰውየው ዓርብ ረፋዱ ላይ መጣ። ኑሩ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ ምዝገባውን አስተካክሎ ሲነሳ ሥራው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ የበለጠ ጊዜ አልወሰደበትም። ሚኒባስ አገኘ። ዳባትን አልፈው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲቃረቡ አንድ የጭነት ማኪና ጭቃው ላይ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል፤ ጉም ደግሞ ወርዷል። ስልኩን ቢያወጣ ኔትወርክ የለም። ኮረብታ ላይ ወጣ፣ የለም። በእግሩ ልሂድ አለ፤ ሰው ሳቀበት። ጎንደር ሲገባ ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ይሰማል።

በቀጥታ አዲስ ዓለም ሄደ። ሽማግሎቹ ከሐጅ ቤት ከወጡ ቆይተዋል፤ እዚያው ሰፈር መንገድ ላይ አገኛቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቀው፣ ሐጅ በመጨረሻ «ሥራው በልጦበታል። ከማሽኑ ጋር ይታረቅ!» ብለው ተነስተዋል። ሽማግሎቹም ተቀይመዋል። «እኛንም ነው የናቅኸን» አሉት። ኑሩ የአባቱ ቤት አጥር ጋ ደርሶ ቆመ። ማንኳኳት አቃተው። «ምን ብዬ ልግባ እታለም?» አለኝ ቅዳሜ። «ጭቃዬን ይዤ?»

«በጭቃህ ግባ! አባትህ አይደሉ!» ብዬ ጮህኩበት። «ሸጋ» አለኝ። የቱ ሸጋ እንደሆነ ገባኝ።

ሽማግሎቹን መልሶ ለመለመን ወራት ሄደ። እነሱ እሺ ሳይሉት ሐጅ ታመሙ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ኑሩ ቃሬዛውን ተሸክሟል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አባቱን ያሳረፈውም እሱ ነው። እህቱ ዘይነባ ግን ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ በኋላም ለበዓል ካልሆነ አትመጣም፣ ብትመጣም ከደጅ ትመለሳለች። ኑሩ አይፈርድባትም። «እውነቷን ነው፣ አብዬ ተቀይሞኝ ነው የሞተው» ይላል። ስንቱን ዓመት አላት ይቺን ቃል። ልጁ ስትመረቅ እየሳቀ ቆይቶ በመሀል አላት። እኔ ቤት ለልጄ ክርስትና መጥቶ አላት።

ሥራው ላይ ሌላ ሰው ሆነ። የኮሌጁን ራውተር ሁሉ፣ ዝም ያለውን ሰው ቶሎ እንዲያስወጣ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ብሎ ጻፈበት። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች «ጋሼ፣ አስተካክለን ሳንጨርስ ያስወጣናል፣ ትንሽ ይርዘም» ብለው ሲያጉረመርሙ በሌላው ነገር ሁሉ የሚለሰልሰው ሰው በዚህ ግን ብረት ነው። «ሻይ ልትጠጡ ስትሄዱ ወጣሁ ብላችሁ ሂዱ» ይላቸዋል። ለምን እንዲህ እንደሚከርር አያውቁም። አንዱ በሌለበት «አያ አምስት ደቂቃ» ሲለው ሰምቼ ልቆጣው ስል ኑሩ ራሱ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰምቶት ሳቀ። ከልቡ ሲስቅ ካየሁት ጥቂት ጊዜ አንዱ ነው።

በኋላ እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። በጾም ግን እየደወለ «ሁዳዴ ገብቷል፣ ምሳ ጋብዢኝ እንጂ» ይለኝ ነበር። ያለፈው ሁዳዴ ሲደውል ድምፁ ደክሟል፤ ኩላሊቱን እንደሚያመው ሳይነግረኝ ስለ ምስር ወጥ አወራን።

ለሐዘኑ ከባሕር ዳር እንደተመለስኩ ሄድኩ። ሐሊማ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘይነባም መጥታለች፣ ግን ከበሩ ሥር ነው የተቀመጠችው። ቀስ በቀስ ሴቶቹ ወጥተው ሦስታችን ቀረን። ዘይነባ ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ቀና አለችና ሐሊማን «አንቺ ግን ምን በድለንሽ ነው?» አለቻት።

ሐሊማ ደነገጠች። «እኔ? ምን አደረግሁ?»

«አብዬ የላከብሽን ብትነግሪው ምን ነበረበት? ወይስ ነግረሽው እሱ ነው እምቢ ያለው? ይሄን ሳላውቅ ልሙት? አብዬ እኮ እስኪሞት በር በሩን ያይ ነበር!»

«ወላሂ ዘይነባ፣ አባትሽ አነጋግረውኝ አያውቁም። ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

«እንዴት አልሰማሽም! እኔው ነኝ የደወልኩለት!» አለች ዘይነባ። ያን ዓርብ ሽማግሎቹ ከወጡ በኋላ ሐጅ ለብቻዋ ጠርተዋት በይ ለወንድምሽ ደውዪ ብለዋታል። ወደ ኑሩ ስልክ ደውላ ሰጠቻቸውና እንዳያፍሩ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነች። «ሲያነጋግርሽ ሰምቻለሁ። ሲጨርስ ምን አለችህ አልኩት። አሁን አይገኝም አለችኝ፣ ሲመጣ እንድትነግረው አደራ ብያታለሁ አለኝ። ሚስቱ ጨዋ ናት፣ የተማረችም ናት፣ በእንግሊዝኛ ሁሉ ደገመችልኝ ብሎ ሳቀ። አብዬ ከሳቀ ስንት ዓመቱ!»

«እንግሊዝኛ?» አለች ሐሊማ። «እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት?»

በዚያች ሰዓት ኑሩ ከዳባት ወዲህ ጉም ውስጥ ስልኩን ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ሲዞር ነበር። ዝም ማለት ነበረብኝ መሰለኝ፣ አፌ ቀደመኝ። «ዘይነባ፣ እሷ ሐሊማ አይደለችም። ኔትወርክ የሌለበት ሰው ጋ ሲደወል የምትናገረዋ የስልኩ ሴትዮ ናት፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። በአማርኛ ደንበኛው አይገኙም ትላለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች።»

ዘይነባ ይሄን ሁሉ ዓመት ወንድሟን የተቀየመችው መልእክቱ ደርሶት ናቀው ብላ ነው። ሐጅም ነግሬያለሁ ብለው ሲጠብቁ ኖሩ፤ ሁለተኛ መደወል ደግሞ ለሳቸው ሞት ነው። ኑሩ ደግሞ አባቴ ተቀይሞኛል ብሎ በደጃቸው አለፈ። ምነው አንድ ቀን፣ አንዳቸው እንኳ፣ አፍ አውጥተው ቢጠያየቁ!

ሐሊማ ወደ ዘይነባ ዞረች። «ምን አሏት ሴትዮዋን?»

ዘይነባ በሳግ መሀል ነገረቻት። «የኔ ልጅ፣ ሲገባ ንገሪልኝ። ሽማግሌ ፊት ሆኜ ነው የተናደድኩት እንጂ በልቤ የለም። ይቅር ብዬዋለሁ። መቼም ይምጣ፣ እራት ሳልበላ እጠብቀዋለሁ። አለ አብዬ። ያን ዕለት እራት አልበላም።»

ሐሊማ ተነሳች። ሻሿን አጠበቀችና ጫማዋን በዓይኗ ፈለገች። «መልእክቱ የተሰጠው ለኔ ነው» አለች። ወደ ኑሩ መቃብር ልትሄድ እንደሆነ ገባን። ዘይነባ ክንዷን ያዘቻት። «ዒዳ ላይ ነሽ እኮ፣ እንዴት ትወጫለሽ?» አለቻት። እውነት ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷ ሳያልቅ እንኳን መቃብር፣ ገበያም አትወጣም።

ሐሊማ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያስ ዒዳዬን ስጨርስ» አለች። «እስከዚያ ማናችሁም እንዳትነግሩት። እኔው ነኝ የምነግረው።»